የበሩ ጠያቂ እትዬ ደብሪቱ

የከተማችንን ስም ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው። አንባቢም ጨዋ ከሆነ አይጠይቀኝም፤ ዝም ብሎ ያነባል።

በእኛ አገር መንገደኛን «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ «መንገድ መቁረጥ» ይባላል፤ ከዚያ የባሰ ስድነት የለም። ጨዋ ሰው መንገደኛ ሲያገኝ ዓይኑን ወደ ገዛ ጫማው ዝቅ አድርጎ «በሰላም ግባ» ይላል፤ በዚሁ ያበቃል። ልማዱ በመንገደኛ ጀምሮ ወደ ሌላውም ነገር ሁሉ ተዛመተ። ሐኪሞቻችን በሽተኛን የት እንደሚያመው አይጠይቁም፤ ሰውየው ራሱ እስኪናገር ድረስ ስለ ዝናቡ ያጫውቱታል። የአውቶቡስ ረዳቶቻችንም ተሳፋሪን መውረጃውን አይጠይቁትም። አጎቴ በአንድ ወቅት ወደ ሠርግ ሲሄድ እንቅልፍ ጣለውና ረዳቱ ሳይቀሰቅሰው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ደረሰ፤ እዚያው ቤት ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወለደ። ይህ ታሪክ በቤተሰባችን የሚነሳው የረዳቱን ጨዋነት ለማድነቅ ነው።

እኔ ነቅዓጥበብ እባላለሁ። የከተማው ሸንጎ ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ሃያ አንዱ የሸንጎ አባላት የሚናገሩትን እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትን አጠራለሁ፤ የጠራውን ማኅተም አስመታለሁ። ጨዋነቴ የታወቀ ነው። ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ስታርፍ ቀብሯ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ተገኝቶ አንድም ሰው ከምን እንደሞተች አልጠየቀኝም። በወቅቱ በጣም አኩርቶኝ ነበር። አንድም ሰው ስል እትዬ ደብሪቱን ሳልጨምር ነው።

እትዬ ደብሪቱ ጎረቤቴ ናቸው። ገበያ ውስጥ በርበሬ ይሸጡ ነበር። ገበያተኛው በርበሬያቸውን የሚወደውን ያህል አፋቸውን ይፈራል። «ምነው ከሳህ?» «ይህ ሁሉ በርበሬ ለምን ያህል ሰው ነው?» «ባልሽ ተመለሰ ወይስ እንደወጣ ቀረ?» ይላሉ፤ ያውም ጮክ ብለው። በባለቤቴ ቀብር ላይ አፈሩ ሳይደርቅ ክንዴን ይዘው፣ «ከምን ሞተች? አንተስ እንዴት ነህ? ትርንጎን ማን ያያታል?» አሉኝ። ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ! በማግስቱ ለሸንጎው የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፍኩባቸው። ትርንጎ አንድ ልጄ ናት፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከተማችን ያላት በር አንድ ነው። ከበሩ የሚወጣው መንገድ ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ከቆላው ደግሞ ወደ ባሕሩ ይወስዳል፤ ባሕሩን ተሻግሮ ያለውን አገር ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አሻጋሪዎች የሚባሉ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። እንደ እነሱ ያለ ጨዋ ሰው አይቼ አላውቅም። ጫማቸው የተወለወለ፣ ንግግራቸው የለዘበ፣ ሽማግሌ ሲያዩ ባርኔጣ የሚያነሱ ናቸው። ወጣት ሴቶችን ባሕር አሻግረው ሥራ ያስገባሉ ተባለ። ምን ሥራ፣ ማን ቤት፣ እስከ መቼ ብሎ የጠየቀ የለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከእኛ ሰፈር ብቻ ስምንት ልጆች ሄዱ። በስምንቱም ሽኝት ላይ ነበርኩ፤ ስምንት ጊዜ ጫማዬን አይቼ ስምንት ጊዜ «በሰላም ግቢ» ብያለሁ።

መጀመሪያ የመጡት ደብዳቤዎች መጻፍ የሚችሉት ልጆች በየእጃቸው የጫሯቸው፣ መስመር የሳቱ ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ግን የስምንቱም ደብዳቤ በአንድ ዓይነት የሚያምር ጽሕፈት መምጣት ጀመረ። ቃሉም አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፤ አታስቡ፤ ብዙ የማልጽፈው ሥራ ስለሚበዛብኝ ነው» ይላል። እናቶቻቸው ደብዳቤውን እየያዙ እኔ ዘንድ ይመጡና ያስነብቡኝ ነበር። እኔም እንደ ባለሙያ፣ «የባሕር ማዶ ትምህርት ልዩ ነው! ፊደላቸውን እንዴት አድርገው አስተካከሉላቸው!» እያልኩ አደንቃለሁ። ከልጆቹ አንዷ፣ አበበች የምትባለው፣ ስትሄድ ጭራሽ ፊደል ያልቆጠረች ነበረች። የእሷ እድገት ከሁሉም ይበልጥ አስደሰተን።

የመጨረሻዋ ልጅ በሄደች በዘጠነኛው ወር ስንዱ ተመለሰች። ከስምንቱ መጀመሪያ የሄደችው እሷ ነበረች። በእግሯ ነው የመጣችው፤ ቀኝ ክንዷ ከክርኗ እስከ መዳፏ ተቃጥሎ ቆዳው ተጨማዷል። ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «እንኳን ደህና መጣሽ» እያላት፣ ጫማውን እያየ አለፈ። እናቷ ምግብ ታመጣላታለች እንጂ አትጠይቃትም፤ እሷም ጨዋ ናት። ልጅቱ ሃያ ቀን ሙሉ እየመጣች እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በሃያ አንደኛው ቀን እትዬ ደብሪቱ በርበሬ ሊያስፈጩ መጡና አይተዋት ቆሙ።

«አንቺ! ክንድሽን ምን ነካው? ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ስንዱ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። እንደደረሰች ወረቀቷን እንደወሰዱባት፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እንደ ዕቃ እንዳስተላለፏት፣ በር ተቆልፎባት እንደኖረች፣ የፈላ ውሃ እንደደፉባት፣ ደብዳቤዋን የሚጽፈው ሌላ ሰው እንደነበር። ባለወፍጮው ወፍጮውን አቁሞ ሰማ። ከተማው በጣም ተቆጣ፤ በእትዬ ደብሪቱ ማለቴ ነው። የተጎዳች ልጅን በአደባባይ መጠየቅ! ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለአንድ ወር ማንም ሰው ሰላም እንዳይላቸው ፈረዱባቸው። ፍርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ያን ወር ሙሉ ያገኙትን ሰው እያስቆሙ «ለምንድነው ሰላም የማትለኝ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ያም ሆኖ የተሰማውን እንዳልተሰማ ማድረግ አልተቻለም። ሸንጎው «ሰውን ስለመሸጥና ስለማሻገር» የሚል አዋጅ እንዲረቀቅ ወሰነ። አርባ አንቀጽ አረቀቅኩ። የመጀመሪያው «ሰውን እንደ ዕቃ የሸጠ» ብሎ ይጀምራል። አንድ አባል ተነሥተው ዕቃ እንደማይራመድ፣ እነዚህ ልጆች ግን በገዛ እግራቸው ተራምደው ስለወጡ ተሸጡ ሊባሉ እንደማይችሉ አስረዱ። የከብት ነጋዴ የሆኑት ሌላው አባል፣ «ታዲያ እኔ የምሸጣቸው በሬዎች በምን የሚራመዱ መሰለዎት?» ብለው ተቆጡ። በዚህ ላይ ሦስት ቀን ተከራከርን። በአራተኛው ቀን አንድ በሬ አዳራሹ ድረስ ገብቶ እንዲራመድ ተደረገ። በሬው ተራመደ፤ አንቀጹ ለተጨማሪ ጥናት ተላለፈ።

አሻጋሪዎችን የሚቀጣው አንቀጽም ለጥናት ተላለፈ፤ ሰውየው አሻጋሪ መሆኑን ለማወቅ እሱኑ መጠየቅ ሊያስፈልግ ነው። መንገዱ ጨርሶ ይዘጋ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ግን ሐሳቡን ያቀረቡት አባል ራሳቸው የሚኖሩት ከበሩ ውጭ ስለሆነ ስብሰባው ሳያልቅ ሐሳባቸውን አነሡ። ከዚያ አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ቡድን ወደ በሩ ተልኮ አንድ ሳምንት ተቀመጠ። ሲመለስ ያቀረበው ሪፖርት «በበሩ የወጡት ወጣቶች በሙሉ በሰላም እንዲገቡ ተመኝተንላቸዋል፤ ሌላ እንከን አላየንም» ይላል። በመጨረሻ «ሰው መሸጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በበሩ ላይ ተሰቀለ። አሻጋሪዎቹ ቆመው አነበቡት፤ ሐሳቡንም ደገፉ። ነፋስ ሲያዘነብለው አንደኛው አሻጋሪ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሲያቃናው በዓይኔ አይቻለሁ።

ያ ሰሌዳውን ያቃናው ሰው ምህረቱ ይባላል። በዚያው ሰሞን እኔ ቤት መመላለስ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ስገለብጥ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፤ ትርንጎ ሻይ ታቀርባለች። እንዲያነብልኝ እሰጠው ነበር፤ አነባበቡ ጥሩ ነው። አንድ ቀን አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ‹ያታለለ› ከሚል ‹በማታለል ያግባባ› ቢባል ጠንከር ይላል» አለኝ። እውነቱን ነበር። አስተካከልኩት።

ትርንጎ በዚህ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። አየሁ። የእናቷን ሹራብ ጨመረች፤ ይህንንም አየሁ። ምህረቱ በር ላይ «ሐሙስ ነው» ሲላት ሰማሁ። የስንዱ ክንድ ዓይኔ ላይ እየመጣ ቀለም ደፋሁበትና አንቀጽ ዘጠኝን እንደገና ጻፍኩ። ከተማው ሁሉ ልጁን እንዳያጣ አዋጅ እየጻፍኩ እኔው ልጄን ላጣ ነው። ይህ ይገባኛል። ግን «ወዴት ነው?» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እንደ ብልግና ተሰምቶኝ እውጠዋለሁ። አባቴ እንዲህ አድርጎ አላሳደገኝም። አንድ ቀን ራሴን አበርትቼ የመኝታ ቤቷ በር ላይ ቆምኩና፣ «ትርንጎ» አልኩ።

«አቤት አባዬ?» ብላ ቀና አለች። ልብሱን በእጇ እንደያዘች ጠበቀችኝ። ብዙ ጠበቀችኝ።

«ሻዩ ጥሩ ነበር» ብያት ተመለስኩ።

ማክሰኞ ዕለት ሸንጎው ስንዱን ለምስክርነት ጠራት። ወንበር ተሰጣት። ሃያ አንዱ አባላትና እኔ በክብር ተቀመጥን፤ ሊጠይቃት የደፈረ ግን የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ጫማችንን ስናይ ቆየን። የሸንጎው ሊቀመንበር አቶ ድልነሳሁ ስለ ሰጠችው ምስክርነት አመስግነው ሊያሰናብቷት ሲነሡ መስኮቱ ተከፈተና የእትዬ ደብሪቱ ራስ ብቅ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ጊዜ ምን ቢሉሽ ነበር የምትቀሪው?»

ስንዱ አሰብ አደረገች። «ቢጠይቁኝ ይበቃኝ ነበር» አለች። «የት እንደምሄድ አለማወቄን ያወቅኩት ከደረስኩ በኋላ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ወዴት ነው፣ ማን ይቀበልሻል፣ መመለስ ብትፈልጊ በምን ትመለሻለሽ ብሎኝ ቢሆን፣ አንዱንም እንደማላውቀው እዚያው ይገባኝ ነበር።»

አቶ ድልነሳሁ ዓይናቸውን ጠረጉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። አርባውም አንቀጾች ለጥናት ተላለፉና አንድ አዲስ ብቻ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከልጅቱ አፍ እየሰማሁ የጻፍኩት ጸደቀ፤ «ከከተማው የሚወጣ ማንኛውም ሰው በበሩ ላይ ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠየቃል፤ መልሱንም በራሱ አንደበት ይመልሳል።»

ማን ይጠይቅ የሚለው ሌላ ችግር ሆነ። የበሩ ዘበኞች «እኛ የሰው ልጆች ነን፤ እንዴት እንዲህ ያለ ሥራ ታዙናላችሁ?» አሉ። ረቡዕ ጠዋት የቅጥር ማስታወቂያ ለጠፍኩ። «ተፈላጊ ችሎታ፦ አለማፈር። ማስረጃ፦ ከጎረቤት የተጻፈ ቢያንስ ሦስት የአቤቱታ ደብዳቤ» ይላል። ሁለት ሰዎች ተመዘገቡ፤ ደብዳቤዎቻቸው ግን ከዘመድ የተለመኑ መሆናቸው ያስታውቃል። በእኛ ዘንድ የአቤቱታ ግልባጭ ለተከሳሹ ይሰጣልና እትዬ ደብሪቱ አርባ ስድስት ደብዳቤ በበርበሬ ከረጢት ይዘው መጡ። ከሁሉ በላይ ያስቀመጡት የእኔን ነበር።

«ይኸኛው ጽሑፉ ያምራል» አሉኝ። ወዲያው ተቀጠሩ።

ሐሙስ ጠዋት አዋጁ ሥራ ጀመረ። ነጋሪት ተመታ፤ ሸንጎው በሙሉ በበሩ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ለአርአያነት ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቁት አቶ ድልነሳሁ ነበሩ።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

ሊቀመንበሩ ፊታቸው ቀላ። «ለ... ለጉዳይ።»

«እሱ የቦታ ስም አይደለም። ወዴት?»

«ወደ ጥርስ ሐኪም» አሉ በቀስታ። የሊቀመንበሩ የፊት ጥርሶች ሰው ሠራሽ መሆናቸውን ከተማው ያን ቀን አወቀ። የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች መልሰው ጥቂት ራመድ ካሉ በኋላ ተመልሰው ከሰልፉ ገቡ።

ቀጥላ ትርንጎ መጣች። ሻንጣዋን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ምህረቱ ከፊት ነው፤ ከኋላ ሁለት የሰፈራችን ልጆች ይከተላሉ።

«ወዴት ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ወደ ሥራ ነው፣ እናቴ» አለ ምህረቱ ባርኔጣውን አንሥቶ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? አዋጁ በራሷ አንደበት ነው የሚለው። ወዴት ነው?»

«ባሕር ማዶ» አለች ትርንጎ።

«ባሕር ማዶ ሰፊ ነው። አገሩ ማን ይባላል?»

ትርንጎ ወደ ምህረቱ አየች። እሱ ጫማውን እያየ ነበር።

«እሺ፣ ማን ይቀበልሻል?»

«ሰዎች።»

«ስም የላቸውም?»

«አልነገሩኝም።»

«መመለስ ብትፈልጊስ፣ በምን ትመለሻለሽ?»

ትርንጎ ወደ ምህረቱ ዞረችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠየቀች። «መመለስ ይቻላል?»

«እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም!» አለ ሰውየው። ከልቡ ነበር የተቀየመው።

ልጄ ሻንጣዋን ከእጄ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችውና ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። ሁለቱ ልጆች እሷን አይተው የራሳቸውን አወረዱ። የበሩን ግንብ ተደገፍኩ።

አዋጁ እዚህ ላይ ያበቃል። ስለ አሻጋሪው የሚለው ነገር የለም፤ እሱ ለጥናት ከተላለፉት ውስጥ ነው። ዘበኞቹ «በሰላም ግባ» ሊሉት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እትዬ ደብሪቱ ግን ዱላቸውን መንገዱ ላይ አጋደሙበት።

«አንተም እየወጣህ አይደል?» አሉት። ሊቀመንበሩ አዋጁን ገልጠው አዩ። «ማንኛውም ሰው» ይላል።

«ወዴት ነው?»

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ምህረቱም የዚሁ አገር ሰው ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ ተጠይቆ አያውቅም። ተጠይቆ ስለማያውቅ ፊት ለፊት መዋሸት አልተማረም፤ ለማን ብሎ ይማራል? ቀጥ ብሎ ቆመና የወደቡን ስም ተናገረ።

«ማን ይቀበልሃል?»

የሰውየውን ስም ከነአባቱ ተናገረ፤ የቤቱን በር ቀለም ሳይቀር ጨመረ።

«እነዚህን ልጆች እዚያ ምን ልታደርጋቸው?»

«ላስረክባቸው።»

«ቀድመው የሄዱትስ የት ናቸው?»

ሰባቱን ልጆች አንድ በአንድ ቆጠረ። ይችኛዋ እዚህ ከተማ፣ በእገሌ ቤት፤ ያችኛዋ እዚያ፣ ከእገሌ ወደ እገሌ ተዛውራ። ደብዳቤዎቹን ማን እንደሚጽፋቸው ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ አድርጎ «እኔ ነኝ» አለ፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ «ጋሼ ወደውት ነበር» አለ።

ሁሉንም ጻፍኩ። ቀለም አልደፋሁም። በሃያ ሁለት ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ያ አንድ ገጽ ነው። ምህረቱ ሲጨርስ ሸክም እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ዘበኞቹ ግራና ቀኝ ሲይዙት፣ «አሁንስ እኔን ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጠይቆ ስናየው ያን ጊዜ የመጀመሪያችን ነው።

በዚያ ገጽ እየተመሩ የሸንጎው መልእክተኞች ባሕር ተሻገሩ። ክረምቱ ሲወጣ አምስቱ ልጆች ተመለሱ። ስድስተኛዋ ከተዛወረችበት ቤት ደግሞ ተዛውራ እስከ ዛሬ እየተፈለገች ነው። ሰባተኛዋ አበበች ናት። አበበች ከሞተች በኋላም አራት ወር ሙሉ ደብዳቤዋ ይደርሰን ነበር፤ እኔም ለእናቷ እያነበብኩ ጽሕፈቷን አድንቄያለሁ። መርዶውን የነገርኳት እኔው ነኝ። እናቷ ዓይን ዓይኔን እያየች «ከምን ሞተች?» አለችኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኋት። ይቅር ማለቷን ግን አልነገረችኝም፤ ልጠይቃትም መብት የለኝም።

ለተመለሱት ግን አመሰግናለሁ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በሬ አዳራሽ ያስገባውን ሸንጎ ሳይቀር አመሰግናለሁ፤ በመጨረሻ አንድ አንቀጽ አውጥቷል፤ ያቺ አንዷ አንቀጽ ልጄን አስቀርታልኛለች። ቃሉን የሰጠችንን ስንዱን አመሰግናለሁ፤ አሁን በሩ ላይ ከእትዬ ደብሪቱ ጎን ተቀምጣ ትጠይቃለች፤ እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን ሳትሸፍን ነው የምትቀመጠው። ከሌላ አገር የሚመጡት አዳዲስ አሻጋሪዎች መዋሸት ተምረው ነው የሚመጡት ይባላል፤ ስለዚህ ሸንጎው የመጀመሪያውን አንቀጽ ከጥናት አውጥቶ እያየው ነው። በሬው እንደገና ተጠርቷል።

እትዬ ደብሪቱን ለማመስገን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ስለ ልጄ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ «ካልሲህ ለምንድነው የተቀዳደደው?» አሉኝ። የጻፍኩባቸውን አቤቱታ በይፋ ላነሳ መወሰኔንም ነገርኳቸው።

«ተው!» አሉ ደንግጠው። «ሥራ የያዝኩበትን ማስረጃ ታበላሽብኛለህ?»

አሁን የቀረኝ የዚያን ሐሙስ ከሰዓት ነው። ትርንጎና እኔ ሻንጣውን በየተራ እየያዝን ወደ ቤት ተመለስን። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሰብስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። መጠየቅ ልምምድ የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። «ጓዳ ያለውን ሽንኩርት ከየት ነው የገዛሽው?» ብዬ ጀመርኩ።

«ከገበያ ነዋ» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ደፈር አልኩና፣ «ለምን ልትሄጂ ፈለግሽ?» አልኳት።

«ቤቱ ጭር አለብኝ» አለች። «እማዬ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ አንድ ቃል ያወራኝ ሰው የለም። ምህረቱ ቢያንስ ወሬ ያወራል። ሻንጣዬን ስታይ አይህ ነበር። ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ አንዱን ቀሚስ አሥር ጊዜ አጥፌ አሥር ጊዜ ፈታሁት።»

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ስለ እናቷ አወራን፤ በምን እንደታመመች፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለች፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ እንዴት እንደምትሸፍን። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይዘነው የኖርነውን ሁሉ አወራን።

«እኔም አንድ ልጠይቅህ?» አለች በመጨረሻ።

«ጠይቂኝ።»

«እትዬ ደብሪቱ በሩ ላይ ባይኖሩ ምን ታደርግ ነበር?»

አላስኬድሽም ነበር፣ እሞት ነበር እንጂ አልሰጥሽም ነበር ማለት ይቻላል። አባት ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው። እኔ ግን እንደ ምህረቱ ተጠይቄ መዋሸት ያልተማርኩ ሰው ነኝ።

«ሻንጣሽን አቀብዬሽ፣ በሰላም ግቢ ብዬሽ፣ ወደ ቢሮ እመለስ ነበር» አልኳት። «የአዋጁን ንጹሕ ቅጂ ልጨርስ።»

ትርንጎ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና፣ «እትዬ ደብሪቱን እግዜር ያኑርልን» አለች።

«አሜን» አልኩ።